የዳምጠው ኮምፒውተር

ብርሃነሽ የባሏን ቁርስ በሳህን ከድና የሱቁን በር ስትገፋው አልተቆለፈም ነበር። ዳምጠው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ጥገና ቤቱ ሥራ ሲደራረብበት እዚያው ያድራል፤ ስለዚህ ሌሊቱን አለመምጣቱ አላሳሰባትም። ከባንኮኒው ኋላ በደረቱ ተደፍቶ ስታየው እንኳ የተኛ መስሏት፣ "ተነስ እንጂ፣ ረፍዷል" አለችው። ሳህኑን አስቀምጣ ትከሻውን ስትነካው ነው መቀዝቀዙን ያወቀችው፣ ደሙንም ያየችው።

ኢንስፔክተር ገላኔ ዱሬሳ የሐምሌ ጭቃ ጫማዋን አክብዶት ደረሰች። ከባምባሲ ወደ አሶሳ ከተዛወረች ወዲህ ብዙ ሬሳ አይታለች። አብዛኛው በስካር ጠብ ወይም በመሬት ክርክር የሞተ ነበር፤ ገዳዩም ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም። እዚህ ግን የጠብ ምልክት የለም። ወንበሩ አልተገለበጠም። ዳምጠው ከኋላ ማጅራቱን ተመትቷል፤ የተመታበት ከባድ የመብራት ስታቢላይዘር ገመዱን እንደተሸከመ አጠገቡ ወድቋል። ለጥገና የመጡ ላፕቶፖች መደርደሪያው ላይ እንዳሉ ናቸው። መሳቢያው አልተነካም። የራሱ ስልክ ከኪሱ አልወጣም።

"ሌባ አይደለም" አለች።

ሳጅን ሌንጂሳ ራሱን ነቀነቀ። የምርመራ ረዳቷ ነው፤ ጣቢያው ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽም የሚጠራው እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዳምጠውን ኮምፒውተር እያየ፣ "ይሄን ይዘነው ብንሄድ ጥሩ ነው" አላት።

ከሱቁ ፊት ለፊት ሰዕዲያ የምትባል ልብስ ሰፊ መኪናዋን በረንዳ ላይ ዘርግታ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የዳምጠውን በር እያየች ነው የምትውለው። ገላኔ ስትጠይቃት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች መለሰች።

"ትናንት ጠዋት አንድ ልጅ መጥቶ ጮኸበት። 'ስልኬን ስጠኝ! ስልኬን!' ይላል። ዳምጠው ደግሞ 'ማታ ና' ይለዋል። ተናንቀው ነበር፤ እኔ ነኝ የገላገልኳቸው።"

"ልጁን ታውቂዋለሽ?"

"ማህጁብ ነው። ወርቅ የሚቆፍር ልጅ ነው፣ የዚሁ አገር ልጅ።"

"ማታስ ማን መጣ?"

"ሲመሻሽ ታረቀኝ ገባ። የብርሃነሽ ወንድም። ብዙም አልቆየ፣ ወጣ፤ ሰላምታም ሰጥቶኝ ነው የሄደ። ከዚያ እኔ ዕቃዬን ስሰበስብ ያ ልጅ ተመልሶ መጣ። ገባ፤ ወዲያው እየሮጠ ወጣ። ጫማው አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ እንኳ አልተመለሰለትም።"

"ጩኸት ሰማሽ?"

"ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምን ይሰማል?"

ታረቀኝ በዚያ ሰዓት በሱቁ ግቢ ውስጥ እህቱን ደግፎ ቆሞ ነበር። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጎልማሳ፣ ወርቅ እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነው። ገላኔ ወደ ጥግ ወሰደችው።

"ማታ ከሟቹ ጋር ነበሩ፣ አቶ ታረቀኝ?"

"ነበርኩ፣ እህቴ። ምነው ጥዬው ባልሄድኩ! ምነው ትንሽ ቆይቼ ቢሆን!" ፊቱን በእጁ ጠረገ። "መዝሙር ሊጭንልኝ ነው የሄድኩት፤ ለመኪናዬ። ይኸው ፍላሹ።" ከቁልፉ ጋር ያንጠለጠላትን ትንሽ ፍላሽ አሳያት። "ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ጫነልኝ፣ ተሳሳቅን፣ ወጣሁ። ከዚያ ሆቴል ሄጄ ከሰው ጋር ኳስ አየሁ።"

ሌንጂሳ ሆቴሉን ሄዶ ጠየቀ። እውነት ነው፤ ታረቀኝ ኳሱ ከመጀመሩ በፊት ገብቶ እስኪያልቅ አልተነሳም። ፍላሹም ላይ መዝሙር አለ።

ማህጁብ ወደ ሸርቆሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ባዶ እግሩን ተያዘ።

ጣቢያው ግቢ ሲያስገቡት ኑሃ በር ላይ ነበረች። ኑሃ ጣቢያውን የለመደች ሴት ናት። ከግንቦት ጀምሮ ልጇን አብዱልረሂምን ትጠይቃለች። ልጁ ወርቅ ጉድጓድ ሥራ ገብቶ ነበር፤ ጉድጓዱ ሲዘጋ ሠራተኞቹ ለግንባታ ሥራ ወደ ጉባ ሄደዋል ተብሎ ተነግሯታል። ገላኔ ራሷ፣ "እናቴ፣ ኔትወርክ አጥቶ ይሆናል፤ ይደውላል" እያለች መልሳታለች። ኑሃ ማህጁብን ስታይ ከፖሊሶቹ መሃል ገብታ ሸሚዙን ያዘችው። በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀችው። ማህጁብ በታሰረ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

"ምን አለችው?" አለች ገላኔ።

በር ጠባቂው ቋንቋውን ያውቃል። "አብረኸው ነበር የሄድከው፣ የት ጣልከው ነው የምትለው።"

ገላኔ በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ማህጁብን ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ዕድሜው ሃያን ብዙ አላለፈም።

"ዳምጠውን ለምን ገደልከው?"

"ወላሂ እኔ አልገደለም። እኔ ስልክ ሊወስድ መጣ። ሰውዬው ወድቋል። ደም አለ። ሮጠ።"

"ስልክህ የት አለ?"

"እኔ አላወቀም። የለም።"

"ጠዋት ለምን ተጣላችሁ?"

ማህጁብ ባዶ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሳበ።

"ስልኩ ውስጥ ምን አለ?"

ማህጁብ በሩን አየ። በሩ ገርበብ ብሎ ኮሪደሩ ይታያል። ታረቀኝ እዚያ ቆሞ ከአንድ ፖሊስ ጋር የቀብሩን ሰዓት ይነጋገራል። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲያ ምንም ብትለው አልተናገረም። ገላኔ የጥፋተኛ ዝምታ አድርጋ ወሰደችው። ጠብ አለ፤ ሲገባ ታይቷል፤ ሲሸሽ ተይዟል። አለቃዋም መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይላክ አላት።

በሚቀጥለው ክፍል ሌንጂሳ ከዳምጠው ኮምፒውተር ጋር ይታገላል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ደህና ይነሳል፤ ዊንዶውስም ይከፈታል። ኪቦርዱና ማውዙ ግን አይታዘዙም። ከፊት ነቅሎ ከኋላ ሰካቸው። በጣቢያው ኪቦርድ ቀየረው። የራሱን ፍላሽ ሞከረ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ የማብሪያውን ቁልፍ ረዘም አድርጎ ተጫነው፤ በውስጡ የቀረው ኃይል ይውጣ ብሎ። ቆይቶ መልሶ ሰካው። ክዳኑን ፈትቶ ከፊተኛው የመሰኪያ ቀዳዳ፣ ከፖርቱ፣ ወደ ቦርዱ የሚሄደውን ሽቦ ጠበቅ አደረገ። አንድም የዩኤስቢ ቀዳዳ አልመለሰለትም።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች ገላኔ በር ላይ ቆማ።

"ምናልባት መብረቅ። ምናልባት ገዳዩ ሆን ብሎ አበላሽቶት ይሆናል።"

"ማህጁብ?"

"አይመስለኝም።" ላቡን ጠረገ። "ደግሞ የሚገርመው፣ ኪቦርዱን ስሰካው የራሱ መብራት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የተቃጠለ ፖርት እንደሱ አያደርግም። ኤሌክትሪኩ ይደርሳል፣ ግን አይነጋገሩም። ዲስኩን አውጥተን በሌላ ኮምፒውተር ልናየው እንችላለን፣ ከፈለጉ።"

"ምን ፈልገን? ልጁ ተይዟል።"

ነገሩ ግን አልለቀቃትም። ከኮምፒውተሩም ይልቅ የኑሃ እጅ የማህጁብን ሸሚዝ የያዘበት ሁኔታ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ሁለቱ ልጆች አብረው ከሄዱ አንዱ አሶሳ፣ ሌላው ጉባ እንዴት ሆኑ? ወደ ሰዕዲያ ተመልሳ ሄደች። እስካሁን የጠየቀቻት ስለ ጠዋቱና ስለ ማታው ብቻ ነበር።

"ከሰዓት በኋላስ? ሱቁ ክፍት ነበር?"

"ክፍት ነበር፣ ግን ሥራ የለም። እኔ ራሴ የልጄን ፎቶ በፍላሽ ይዤ ሄጄ፣ አትምልኝ ብለው፣ 'ዛሬ አይሆንም፣ ፖርቱ አይሠራም' አለኝ።"

ገላኔ ቀና አለች። "ፖርቱ አይሠራም?"

"አዎ። የማንም ሰው ፍላሽ አይቀበልም አለኝ። ከእኔም በኋላ የመጡትን ሁሉ እንዲሁ እያለ ነው የመለሳቸው። እሱ ግን ያን አሮጌ ብጫ ኪቦርድ አውጥቶ ሲጽፍ ነበር። 'ታዲያ ያ እንዴት ሠራ?' ስለው፣ 'ይሄ ሌላ ነው' ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነው የዋለው።"

ገላኔ በዝናቡ ውስጥ ወደ ሱቁ ተሻገረች። ታሽጎ የነበረውን በር ከፍታ ገባች። ከመደርደሪያው ሥር፣ ከተበላሹ ዕቃዎች መሃል፣ ሰዕዲያ ያለችው የበለዘ ኪቦርድ ነበር። ጫፉ እንደ ፍላሽ ጠፍጣፋ ሳይሆን ክብ ነው። እሱን በብብቷ ይዛ ጣቢያ እስክትደርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር በአእምሮዋ ውስጥ የሚመላለሰው። ቀዳዳዎቹ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ የማይሠሩ ከነበሩ፣ ሲመሻሽ የታረቀኝ መዝሙር በየት በኩል ገባ?

ሌንጂሳ ኪቦርዱን ሲያይ ግንባሩን መታ። ከኮምፒውተሩ ኋላ አንዲት ክብ መሰኪያ ነበረች፤ የድሮ ኪቦርድ የሚሰካባት፣ ከዩኤስቢ ጋር የማትገናኝ። ሰካው፤ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው፤ ዊንዶውስ ሳይከፈት በፊት ወደ ውስጠኛው ማስተካከያ ገባ። በሰማያዊው ገጽ ላይ በቀስት እየወረደ ሄደና ቆመ።

"አልተበላሸም" አለ ቀስ ብሎ። "ተዘግቶ ነው። እዚህ ገብቶ ዩኤስቢውን በሙሉ ዘግቶታል። ይሄን የሚያደርግ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።"

"ዳምጠው ራሱ።"

"ራሱ። ከዚያ ይሄን ኪቦርድ ነቅሎ ደበቀው። ማንም መጥቶ እንዳይገለብጥ፣ እንዳያጠፋም።"

የተዘጉትን ቀዳዳዎች ከፈታቸው። ማውዙ ተንቀሳቀሰ። ሌንጂሳ ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ዕቃ የሚያስታውስበትን ቦታ ፈለገ። ግድያው በተፈጸመበት ቀን ጠዋት አንድ ስልክ ተሰክቷል። ከስልኩ በኋላ፣ ዳምጠው እስኪሞት ድረስ፣ ምንም አልተሰካም። የታረቀኝን ፍላሽ አስመጥተው ሲሰኩት ኮምፒውተሩ አወቀው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ግን በፋሲካ ሰሞን ነበር። መዝሙሩ የቆየ ነው።

ከስልኩ የተገለበጠው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነበር። ሌንጂሳ ከፈተው።

መጀመሪያ ቀይ አፈር ብቻ ይታያል። ዝናብ ይዘንባል። ከዚያ የጉድጓድ አፍ፤ ከበላዩ የተሰበረ እንጨት፤ ግማሹ በናዳ ተደፍኗል። ዙሪያውን ሰዎች ይሯሯጣሉ። ከታች፣ ከአፈሩ ሥር፣ ድምፅ ይሰማል። የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ይጣራሉ። ከዚያ ምስሉ ወደ ጎን ዞሮ ታረቀኝ ታየ። ዝናብ ልብስ ለብሷል፤ በእጁ ሰዎቹን ይገፋል።

"ውጡ! ልቀቁት! ሁሉም ሊደረመስ ነው! ደፍናችሁት ሂዱ፣ ሰው ሳይመጣ!"

አንድ ሰው "በሕይወት አሉኮ!" አለ። ታረቀኝ አካፋውን ከእጁ ቀማውና ራሱ አፈር መግፋት ጀመረ። ቪዲዮው እዚያ ላይ ተቋረጠ።

ሌንጂሳ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ገላኔ ማህጁብን አስመጣች። አሁን በሩን ራሷ ዘጋችው።

"አየሁት" አለችው።

ልጁ መጀመሪያ አላመናትም። ማያ ገጹን አሳዩት። ከዚያ የያዘውን ሁሉ አወጣ። ጉድጓዱን ያስቆፍር የነበረው ታረቀኝ ነው፤ ሦስት ልጆች ነበሩ ከታች። ሁለቱ ከድንበር ማዶ የመጡ ናቸው፤ አገራቸውን አያውቅም። ሦስተኛው አብዱልረሂም ነው። ታረቀኝ ሁሉንም በዝናብ ወቅት የተከለከለ ጉድጓድ ስለከፈታችሁ ትታሰራላችሁ ብሎ አስፈራራቸው፤ የተቀበሩትንም ጉባ ሄዱ በሉ አላቸው። ማህጁብ ቪዲዮውን አስገልብጦ ለመደበቅ ነበር ወደ ዳምጠው የወሰደው። ታረቀኝ ለዳምጠው ምኑ እንደሆነ አላወቀም።

"ዳምጠው አየ። አለቀሰ። ፖሊስ እወስዳለሁ አለ። እኔ አትውሰድ አለ፤ ስልኬን ስጠኝ አለ። እኔ ፈራ።" እጁን አፉ ላይ አደረገ። "እኔ ቪዲዮ አነሳ። ገመድ አልወረወረም። አንተ ኢንስፔክተር፣ ገመድ እዚያ ነበር።"

ታረቀኝን ከለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከሐዘንተኛው መሃል ወሰዱት። ሰው የዘመድ ጉዳይ መስሎት ዝም አለ። ገላኔ ጣቢያ ውስጥ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"መዝሙሩን የት ላይ ሰክቶ ጫነልዎት?"

"ኮምፒውተሩ ላይ። ነግሬሽ የለ?"

"የኮምፒውተሩ ቀዳዳዎች በሙሉ ተዘግተው ነበር። ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊም ፍላሽ አልሠራላትም። ከእርሷ በኋላ የመጣ ሁሉ እንዲሁ ተመልሷል።"

"ለእኔ ከፈተልኝ።"

"ቢከፍት ኮምፒውተሩ ያስታውስ ነበር። የእርስዎን ፍላሽ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በፋሲካ ነው።"

ታረቀኝ ፍላሹን ገልበጥ አድርጎ አየው። ቪዲዮውን ስታጫውትለት ከድምፁ ፊቱን አዞረ።

"ራሱ ነው የጠራኝ" አለ በመጨረሻ። "'ስልኩ እኔ ጋ ነው፣ ነገ ፖሊስ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አንተ ራስህ እጅህን ስጥ፣ ለእህትህ ስል ዕድል ልስጥህ' አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ውሃ ሊቀዳልኝ ጎንበስ አለ።" በአውራ ጣቱ የፍላሹን ጫፍ አሻሸ። "ስልኩን ወስጄ ሽንት ቤት ጣልኩት። ሌላ አለ ብዬ አላሰብኩም።"

"ታች የነበሩት በሕይወት ነበሩ።"

"ብንቆፍር የቀሩትም ይቀበሩ ነበር።"

"ሞክራችሁ ነበር?"



ለብርሃነሽ የነገረቻት ገላኔ ናት፤ ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለገችም። ብርሃነሽ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሰማቻት። መጀመሪያ ሳቅ የሚመስል ነገር አመለጣት። ከዚያ፣

"አሁን ማንን ነው የማለቅሰው?" አለች። "ለባሌ ሳለቅስ ደግፎ የያዘኝ እሱ ነው። ሬሳውን ያጠበው እሱ ነው።"

"ፍትሕ ያገኛሉ፣ ወይዘሮ ብርሃነሽ።"

"ወንድሜን አስረሽ ባሌን ታመጪልኛለሽ? ሂጂልኝ፣ የኔ እህት። ሂጂልኝ።"

በማግስቱ ማህጁብ እየመራ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። መኪናው ጭቃ ይዞት የቀረውን መንገድ በእግር ጨረሱት። ማህጁብ የቆመበት ቦታ ላይ ጉድጓድ አልነበረም። ኩሬ ነበር፤ ቀይ፣ ሰፊ፣ ዝናብ የሚወርድበት። ዳር ዳሩ ላይ ሣር መብቀል ጀምሯል። ከኩሬው ትንሽ አለፍ ብሎ ሌሎች ወጣቶች አዲስ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ፖሊስ ሲያዩ ተበተኑ፤ ገላኔ ዘወር እስክትል ግን ሩቅ አልሄዱም፣ ከዛፍ ሥር ሆነው ይጠብቁ ነበር።

ውሃ መሳቢያ የሚያመጣ መኪና በዚያ መንገድ እንደማይገባ፣ ክረምቱ ሲያልፍ እንደሚታይ ተነገራት። ማን እንደሚያየው አልተነገራትም። ከድንበር ማዶ የመጡትን የሁለቱን ልጆች ስም የሚያውቅ ሰው ጠይቃ አጣች።

ለመዝገቡ ግን ከታች የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ የሚመሰክር ሰው ያስፈልግ ነበር። ማህጁብ የአብዱልረሂም ነው ብሏል፤ እሱ ግን በቦታው የነበረ ነው፣ ቃሉ ብቻውን አይበቃም ተባለ። ገላኔ ብዙ አንገራገረች። በመጨረሻ ኑሃን አስጠራቻት።

ኑሃ መልካም ወሬ መስሏት መጣች። አዲስ ሻሽ አስራ ነበር።

"ልጄ ደወለ?"

ገላኔ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ያዘጋጀችውን ንግግር ግማሹን እንኳ ሳትጨርስ ኑሃ ዝም አሰኘቻት።

"አንተ ብዙ አትናገር። እኔ ይሰማ።"

ሌንጂሳ ምስሉን በወረቀት ሸፍኖ ድምፁን ብቻ ከፈተ። ዝናቡ ተሰማ፤ ሩጫው ተሰማ። ከዚያ ከሥር የሚጣሩት። ኑሃ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም። ከድምፆቹ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ ሁለት ጊዜ ሲጣራ ግን ከወንበሩ ተነስታ ወደ ኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ ጎንበስ አለች። መዳፏን አሳረፈችበት። በቋንቋዋ መለሰችለት። አልጮኸችም፤ ከጓሮ የሚጣራ ልጅን ከቤት ውስጥ ሆና እንደምትመልስ እናት ነበር አነጋገሯ። ድምፁ እንደገና ተጣራ። እንደገና መለሰችለት። ከዚያ የታረቀኝ ጩኸት መጣና ሁሉም ተቆረጠ።

 ኑሃ እጇን ሳታነሳ ወደ ሌንጂሳ ዞረች። እንደገና ክፈትልኝ የሚል ምልክት ሰጠችው። ከፈተላት። ልጁ በተጣራ ቁጥር ትመልስለታለች።

ለማስተርጎም የመጣው ማህጁብ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ገላኔ አጠገቡ ጎንበስ አለች።

"ምንድን ነው የምትለው?"



"መጣሁ" አለ። "'መጣሁ፣ ልጄ፣ መጣሁ' ነው የምትለው።"

ድምፁ አለቀ። ኑሃ ለሦስተኛ ጊዜ ምልክት ሰጠች። ሌንጂሳ ገላኔን አያት። ገላኔ ይብቃ ልትለው አስባ ነበር፤ ተወችው። ወንበር ስባ ከኑሃ ጎን ተቀመጠች፤ ሌንጂሳም መልሶ ከፈተው።